በባሌ ስልክ ቁጥር ያነጋገረችኝ ሴት

ባሌ ከሞተ በኋላም ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶት እያለ ይጠራል። አነሳለሁ። «ጌች፣ የሰርጋችን አልበም ደረሰ?» ይላል አንዱ። «ጌችዬ፣ የልጄን ክርስትና ፎቶ ታነሳልኛለህ አይደል?» ትላለች ሌላዋ። ለእያንዳንዱ መሞቱን መንገር ነበረብኝ። በተናገርኩ ቁጥር እንደገና ይሞትብኛል። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ወንድሙን ጠርቼ «እባክህ ሲሟን አውጣልኝና ስልኩን አንተ ውሰደው» አልኩት። ስልኩን፣ ውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ ወሰደው። ሲሟን እኔ በመሐረብ ጠቅልዬ ከጋብቻ ቀለበቱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት።

ሲሟ በእጄ እስካለች ድረስ ቁጥሩ የእሱ ነው፣ ማንም አይነካውም ብዬ ነበር። እንዲህ የማስበው እኔ ብቻ አይመስለኝም። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ እንደምናገረው ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ስሜ ወይንሸት ነው። ቤቴ ፒያሳ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ ሕንፃ ላይ ቢሮ አጸዳለሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ቤዛ ኮሌጅ ገብታለች፣ ኤልዳና ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ቤዛ ታክሲ አጥታ ትንሽ ከዘገየች በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ኤልዱ ካስነጠሰች እንቅልፍ የለኝም። ጌታሁን ካለፈ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። አንድ ሰው እንደዚያ ድንገት ከሄደ ሌላውስ ምን ያግደዋል እያልኩ እጨነቃለሁ።

ጌታሁን ፎቶ አንሺ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነበረችው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ያነሳል፤ ሰው ሁሉ «ጌች ፎቶ» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ የአንድ ሰርግ ፎቶ በሙሉ ጠፋበት። ሙሽሮቹ ምንም አላሉትም፤ እሱ ግን ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶዎቹን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ የጀመረው። እኔ ነገሩ አይገባኝም ነበር። «የት ነው የምታስቀምጠው?» ስለው በጣቱ ወደ ጣሪያው ያሳየኛል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ስሙ «እላይ» ሆኖ ቀረ። «የዛሬው ሰርግ እላይ ወጣ?» እንባባላለን።

ቤት ያለው ኢንተርኔት አልችል ስላለው ዋይፋይ ያለበት ካፌ ሄዶ አንድ ማኪያቶ ይይዝና ግማሽ ቀን ይቀመጣል። አስተናጋጇ ትቀልድበት ነበር፤ «ጌች፣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ፤ ሙሽሪትስ ወጣች?» እሱም «ሙሽራው ቀርቷል፣ ታገሺኝ» ይላታል። እንዲህ እያለ የስንት ዓመት ሥራውን እላይ አወጣው። የእኛን የቤቱንም አብሮ። የልጆቹ ልደት፣ ጥምቀት፣ ቪዲዮው፣ ሁሉም እዚያ ነው። በአብዛኛው እሱ ራሱ የለበትም። የሚያነሳው እሱ ነዋ።

ታሪኩ የተፈጸመው ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የኤልዱን ጸጉር እየሠራሁ ነበር።

«እማ፣ አባዬ ሲያወራ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ድምፁ። ጠፋብኝ።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። ድምፄን አወፍሬ «ኤልዱዬ፣ ነይ እስኪ» አልኳት፣ እንደ እሱ። ሳቀች። «ይኼ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ልክ ናት። ፊቱንስ ግድግዳ ላይ ባለችው አንዲት ፎቶ ታየዋለች። ድምፁን ግን ከየት ላምጣላት?

ቤዛ ከጓዳ ሰምታን መጣች። «እላይ አለ እኮ፤ ቪዲዮዎቹ ላይ ያወራል» አለች። እውነት ነው። እኔም ቤዛም እንዳለ እናውቃለን፤ ግን ከሞተ ጀምሮ አንዳችንም ልናየው አልደፈርንም። አለ፣ የትም አይሄድም እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ቤዛ ኢሜይሏን ከፈተች። ጌታሁን አካውንቱን ሲከፍት የእሷን ኢሜይልም አስገብቶ ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ምንድን ነው?»

«እማ... አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ስላልተከፈተ ሊጠፋ ነው ይላል። ደጋግመው ጽፈዋል፤ አላየሁትም። ነገ ነው የሚጠፋው።»

«ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«ሁሉም። ውስጡ ያለው ሁሉ።»

ቤዛ የይለፍ ቃሉን መገመት ጀመረች። የእኔን ስም፣ የእሷን ስም፣ የኤልዱን ስም ሞከረች፤ አንዱም አልሆነም። ከዚያ «ረስቻለሁ» የሚለውን ነካች። ሁለት ኮድ ይጠይቃል፤ አንዱ በቤዛ ኢሜይል መጣ። ሁለተኛው የሚላከው በጌታሁን ስልክ ቁጥር ነው።

እኔ ያኔ ደስ አለኝ፤ እመኑኝ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መሐረቤን ፈታሁና ሲሟን እንደ ወርቅ አውጥቼ ሰጠኋት። «ይኸው! አስቀምጬልሻለሁ» አልኳት። ቤዛ ስልኳ ውስጥ ከተተቻት። ጠበቅን። አገልግሎት የለም ይላል። አውጥታ አጸዳቻትና መለሰቻት። የለም። ቤዛ የራሷን ሲም መልሳ ቁጥሩን ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

ጠራ።

የባሌ ቁጥር ነው የሚጠራው። ልቤ አብሮ ይጠራል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች አንዲት ሴት።

በሞተ ባል የሚቀና ሰው አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር። ለትንሽ ጊዜ ግን ቀናሁ መሰለኝ። ስልኩን ከቤዛ ተቀበልኩና «እኔ... ሚስቱ ነኝ» አልኩ።

«የማን ሚስት?»

«የዚህ ቁጥር ባለቤት።»

«እህቴ፣ የዚህ ቁጥር ባለቤት እኔ ነኝ። ባል እንኳ ያጣሁ ሰው ሚስት ከየት አመጣሁ?»

ከኋላዋ የሚስቁ ወንዶች ይሰማሉ። ቤዛ ጣልቃ ገብታ «ይቅርታ እናቴ፣ አሁን በሜሴጅ አንድ ኮድ ይመጣልዎታል፤ እሱን ብቻ ቢያነቡልን...» አለች።

«አሃ! ኮድ! እንደሱ በይኛ! ባለፈው በኮድ የበላችሁኝ አነሰና ዛሬ ደግሞ ባል ሞተብኝ ብላችሁ መጣችሁ? ወግዱ ከዚህ!»

ዘጋችው። ደግመን ስንደውል አይገባም፤ ዘግታብናለች። በእኔ ስልክ ሞከርን፤ ድምፃችንን እንደሰማች እሱንም ዘጋችው። ቤዛ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «በቃ እማ፣ አለቀ» አለች።

እኔ ግን አንድ ነገር በጆሮዬ ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ስትናገር ከኋላዋ አንድ ሰው «ዞር በል! ሸክም ነው! ዞር በል!» እያለ ይጮሃል፤ ሌላው «ቲማቲሙን በሣጥን ነው፣ በኪሎ አይደለም!» ይላል። ዕድሜ ልኬን ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት የገዛሁበትን ቦታ አላጣውም።

«ተነሺ፣ አትክልት ተራ ናት» አልኳት።

ኤልዱን ጸጉሯን በግማሽ እንደሠራሁት ለጎረቤት ሰጥተን ወጣን። ስንደርስ ግን ወኔዬ ከዳኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጋሪ፣ ያ ሁሉ የጎመን ቅጠልና ጭቃ! በቁጥር ብቻ ሰው እንዴት ይፈለጋል? አንድ ጎልማሳ ወዛደር ጋሪው ላይ ተደግፎ ሲያርፍ አየሁና ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ የዚህን ቁጥር ባለቤት ታውቃታለህ?»

«ማዘር፣ እዚህ ሰፈር ሰው በስሙ አይታወቅም፣ በቁጥሩ ነው። ወዲህ በይ» አለና ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈው። ገና ሳይጨርስ ስም መጣለት። «ብርቄ ሽንኩርት!» ብሎ ሳቀ። «ኧረ እትዬ ብርቄ ናት! ዱቤ አለብሽ እንዴ? ካለብሽ እኔ እንዳሳየሁሽ እንዳትናገሪ።» በአገጩ ወደ አንድ መደብ አመለከተን።

እትዬ ብርቄ ግዙፍ ሴት ናት፤ ሽርጥ ታጥቃ የሽንኩርት ጆንያ መሐል ቆማ የበሰበሰውን እየለየች ትወረውራለች። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ሰላም አልኳትና ገና «ጠዋት የደወልንልዎት...» ስል እጇን ወደ ሰማይ አነሳች።

«ጉድ ፈላ! ስልኩ አልበቃ ብሏቸው በእግራቸው መጡ! ኧረ ኑ እዩ፣ የኮድ ሌቦቹ እነዚህ ናቸው!»

ሰው ተሰበሰበ። እዚያ ቦታ ሌባ የሚለው ቃል ከተነሳ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ቤዛን ወደ ኋላዬ ገፋኋት። አንዱ «ፖሊስ ጥሩ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ልጅቷ ተማሪ ትመስላለች» ይላል፣ ሦስተኛው «ዘንድሮ ሌባ ዩኒፎርም አለው እንዴ?» ይላል። ልጄን ይዤ ልሩጥ አልኩ፤ ልቤ ሩጪ ይለኛል። ነገ ግን ሁሉም ይጠፋል። ኤልዱ «ጠፋብኝ» ያለችው ለዘላለም ይጠፋል።

«እትዬ፣ ኮዱን አይስጡኝ» አልኩ። «እሺ፣ አይስጡኝ። የባሌን ስም ብቻ ይስሙኝ። ጌታሁን ይባላል። ፎቶ አንሺ ነው። ሰው ጌች ፎቶ ነው የሚለው።»

የያዘችው ሽንኩርት እጇ ላይ ቀረ።

«ማን አልሽ?»

«ጌች ፎቶ።»

ጆንያው ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች። «ሂዱ እናንተ፣ ሥራ የላችሁም?» አለች ለተሰበሰበው ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያ ጌች ያንቺ ባል ነው?»

«ያውቁታል?»

«የት አውቄው! ይህን ቁጥር ካወጣሁ ጀምሮ በስሙ ነው የምጠራው። 'ጌች አለ?' 'ጌች አልበሙን ጨረሰ?' መጀመሪያ ተሳስታችኋል እያልኩ እዘጋ ነበር። አንዷ አለቀሰችብኝ፤ የሞተች እናቷ ፎቶ እሱ ጋ ነው ያለው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በየበዓሉ ይደውላሉ፤ 'ጌታሁን ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ' ይላሉ። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ተሳስተዋል ብላቸው አይሰሙም። ታዲያ ምን ላድርግ? ለሁሉም አንድ መልስ አበጀሁ።»

«ምን ይሏቸዋል?»

«'ወጣ ብሏል፤ ሲመጣ እነግረዋለሁ' እላለሁ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ሞተ ማለት አቅቶኝ ስልኩን ዘጋሁት። እሷ የማታውቀውን ሰው ወጣ ብሏል እያለች አቆየችው። በዚህ ከተማ ውስጥ ባሌ ገና ያልሞተባቸው፣ ወጣ ያለባቸው ብቻ፣ ተመልሶ የሚመጣባቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ለቅሶው ላይ እንደዚያ አላለቀስኩም።

«አላወቅኩም እኮ እህቴ» ትላለች እትዬ ብርቄ፣ ትከሻዬን ይዛ። «በማርያም፣ መሞቱን አላወቅኩም።»

ስለ ኮዱ፣ ስለ ነገው ቀን፣ ስለ ኤልዱ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ እንደገና የነጋዴ ፊት ሆነ። «ገባኝ። ኮድ ግን ለማንም አላነብም። አንዴ ተበልቻለሁ፤ በቃኝ። የመጣውን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ። የባንክ ሆኖ ካገኘሁት ወየውላችሁ። የሚጻፍም ከሆነ እኔው ራሴ ነኝ የምጽፈው።»

ቤዛ ላከች። ጠበቅን። አይመጣም። መደቡ ውስጥ ኔትወርክ የለም። እትዬ ብርቄ ወደ ደጅ ወጣች፤ አይመጣም። ሲመጣ ደግሞ ጊዜው አልፎበት ነው። ቤዛ ስክሪኑን አይታ «እማ፣ አንድ ሙከራ ነው የቀረን ይላል፤ ከዚያ ዛሬ አይከፈትም» አለች። ዛሬ ካልተከፈተ ደግሞ ነገ የለም።

ያ ወዛደር ጋሪውን እየገፋ መጥቶ ኖሮ «እትዬ ብርቄ፣ ከፍ ካላልሽ አይዝም፤ ሣጥን ላይ ውጪ» አላት።

«ሣጥኑ ይችለኛል ብለህ ነው?»

«ሁለት አድርጊው።»

ሳቀችና ሁለት የቲማቲም ሣጥን ገልብጣ አንዱን እግሯን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አድርጋ ወጣች። እኔ በአንድ በኩል ደገፍኳት፣ ወዛደሩ በሌላ በኩል። ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆመች። ቤዛ ለመጨረሻ ጊዜ ነካች። ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን አቁሞ እኛን ያያል።

ስልኩ ጮኸ።

እትዬ ብርቄ ዓይኗን አጥብባ አነበበች። ባንክ አለመሆኑን አየች መሰለኝ፤ ከላይ ሆና «ወዲህ በይ ስልክሽን» አለቻት ለቤዛ። ጣቷን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፈች፤ አንድ ትጽፋለች፣ የራሷን ስልክ ታያለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። «ቶሎ እትዬ፣ ቶሎ» ትላለች ቤዛ። «አታጣድፊኝ!» ትላለች እሷ። ስክሪኑ ላይ ያ ክቡ ነገር ዞረ። ዞረ።

ከዚያ ፎቶዎቹ መውረድ ጀመሩ። ሙሽሮች፣ ጥቁር ጋውን የለበሱ ልጆች፣ የማላውቃቸው ሕፃናት፣ የቤዛ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የእኔ ጀርባ፣ ደጃችን። ቤዛ አቀፈችኝ። እትዬ ብርቄ ከሣጥኑ ወርዳ በትከሻችን መሐል አንገቷን አሰገገች።

«የቱ ነው እሱ?»

«የለበትም። እሱ ነው የሚያነሳው።»

«አገሩን ሁሉ አንስቶ ራሱን ረሳ?» አለች። ከዚያ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁጥሩን አልመልስልሽም። ደንበኞቼ የሚያውቁኝ በሱ ነው» አለችኝ።

«አልጠየቅኩዎትም።»

«ለሚደውሉትስ ከእንግዲህ ምን ልበላቸው? ወጣ ብሏል ማለት አሁን አልችልም።»

የሸሸሁት ጥያቄ ነበር። «የእኔን ቁጥር ይስጧቸው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ይደውሉልኛል። መሞቱን እነግራቸዋለሁ፤ አሁንም ቀላል አይደለም። ግን አብሬ «ፎቷችሁ አለ» እላቸዋለሁ፤ ቤዛም ፈልጋ ትልክላቸዋለች። እናቷ የሞተችባት ልጅ ፎቶዋን አግኝታለች። ሽማግሌውም ደወሉ። እየጮህኩ ስነግራቸው «አንቺንስ እንኳን አደረሰሽ» አሉኝ። የዚያን ቀን በዓል አልነበረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ስለ ኢንተርኔት የምመክር ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ነው የምላችሁ። ፎቷችሁን እላይ ካወጣችሁ በማን ስም፣ በማን ቁጥር እንደወጣ ቤታችሁ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ይወቅ። ባላችሁ ወይ ሚስታችሁ በሕይወት እያለ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሟርት አይደለም። አለ ብላችሁ አትተዉት፤ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ እዩት። ሲም ቁም ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠች ቁጥሩ የእናንተ አይደለም፤ ረጅም ጊዜ ካልተሠራበት ለሌላ ሰው ይሸጣል። ቤዛ አሁን ሁሉንም በሁለት ቦታ አስቀምጣዋለች፤ የተመዘገበበት ቁጥርም አሁን የእኔና የእሷ ነው። ደግሞ ማንም ደውሎ ኮድ አንብቡልኝ ቢላችሁ አታንብቡ። እትዬ ብርቄ ልክ ነበረች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ለራሴ አላነብም ነበር።

እኔ ራሴ ደግሞ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ቤዛ ስትዘገይ አሁንም በር ላይ ነኝ። የተለወጠው፣ የምፈራውን ነገር ዘግቼ ማስቀመጤን ማቆሜ ነው። ዘግቼ ሳስቀምጠው ሊጠፋብኝ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ስንደርስ ኤልዱን ከጎረቤት አምጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ቤዛ አንድ ቪዲዮ አገኘች፤ ኤልዱ ገና ሦስት ዓመቷ ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ደጃችን ላይ ቆማለች። እኔ ስክሪኑን አላየሁም፤ ልጄን ነው ያየሁት።

«ኤልዱዬ፣ ወዲህ እይ» አለ ድምፁ። «ቀና በይ። ትንሽ ቀና... እንዲያ።»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኤልዱ አልሰማ ብላ አዲስ ጫማዋን ታያለች። አጠገቤ ያለችው፣ ጸጉሯ በግማሽ የተሠራው፣ አገጯን ቀስ አድርጋ አነሳች።